የወጥ ድንች ለዘር፦ ከገበያ የገዛነውን ድንች በባሕር ዳር ጓሮ ስለ መትከል

(በባሕር ዳር ለጓሮ አትክልት ወዳጆች በጥቅምት 2017 ዓ.ም. ከቀረበ ንግግር የተጻፈ)

ክቡራትና ክቡራን፣ እንደምን አመሻችሁ። ንግግሬን ከመጀመሬ በፊት አንድ ነገር ላድርግ። በጠረጴዛው ላይ የምታዩት ብርጭቆ ንጹሕ ውሃ ተሞልቷል፤ በላስቲክ ጠቅልዬ ያመጣሁት ደግሞ ዛሬ ጠዋት ከግቢዬ የቆረጥሁት የቲማቲም ግንድ ነው። የታችኛውን ጫፍ በምላጭ እንደገና ቆርጬ፣ የተቆረጠው አፍ ውሃውን እንዲነካ አድርጌ በክር አንጠልጥዬዋለሁ። ስለ ድንች ልንነጋገር ተሰብስበን የቲማቲም ግንድ ምን አመጣው የምትሉ ካላችሁ ጥቂት ታገሡኝ፤ እንመለስበታለን።

ስለ ጓሮ አትክልት በተነሣ ቁጥር የሚቀርብልኝ ጥያቄ ያው አንድ ነው፤ ከጉልት የገዛሁት ድንች ወጥ ቤት ተቀምጦ አጎንቁሏል፣ ብተክለው ይበቅላል ወይ የሚል ነው። አጭሩ መልስ ይበቅላል ነው። ድንች አፈርም ብርሃንም ሳያገኝ በከረጢት ውስጥ ስንዝር የሚያህል ጉንቁል ሲያወጣ ያላየ ባለ ቤት ስለማይኖር፣ ለዚህ ምስክር አያሻም። ነገር ግን “ይበቅላል ወይ” እና “ልትከለው ወይ” የተለያዩ ጥያቄዎች ናቸው፤ የዛሬው ንግግሬም በሁለተኛው ላይ ነው። ሐሳቤን አስቀድሜ ልናገር፦ ከገበያ የገዛነውን ድንች መትከል እንችላለን፣ እኔም በየዓመቱ እተክላለሁ፤ ነገር ግን ዕድሜውንም ጤንነቱንም የማናውቀው እንግዳ ስለ ሆነ፣ ለብቻው ተለይቶ የሚቀመጥበት ስፍራ ሊዘጋጅለት ይገባል እንጂ ከዋናው መሬታችን ጋር ሊቀላቀል አይገባም።

ድንች ከአፈር ውስጥ ስለሚቆፈር ብዙ ሰው ሥር ይመስለዋል። ሥር አይደለም፤ ግንድ ነው። ተክሉ ከአፈር በታች ካለው የግንዱ ክፍል ወደ ጎን ቀጫጭን ነጫጭ ዘንጎችን ይሰድዳል፤ የእነዚህ ዘንጎች ጫፍ ምግብ እያጠራቀመ ሲያብጥ የምንበላው ድንች ይሆናል። ዓይን የምንለው ጎድጎድ ያለ ቦታም በሌላ ተክል ግንድ ላይ በየአንጓው እንደምናየው ያለ የእምቡጥ መቀመጫ ነው። አንዱን ድንች አንሥታችሁ በዝግታ ብታገላብጡት፣ በአንደኛው ጫፍ ከእናቱ ጋር ያያያዘው ዘንግ የተበጠሰበት እትብት የመሰለ ጠባሳ ታገኛላችሁ፤ በሌላኛው ጫፍ ደግሞ ዓይኖቹ ተሰብስበው ይታያሉ። ስለዚህ ድንች ስንተክል ዘር መዝራታችን ሳይሆን የግንድ ቁራጭ መትከላችን ነው፤ እናትየው የነበራት መልካምም ሆነ ክፉ ነገር ወደ ልጁ ይተላለፋል። ይህ ተክል ከደቡብ አሜሪካ የአንዲስ ተራሮች ተነሥቶ ዓለምን ሲያዳርስ ምግቡም በሽታውም አብረው የተጓዙት ስለዚህ ነው። ወደ አገራችን በ1850ዎቹ መጨረሻ (እ.ኤ.አ.) ያስገባው በትግራይ ይኖር የነበረው ጀርመናዊ የዕፀዋት ተመራማሪ ቪልሄልም ሺምፐር እንደ ሆነ ይነገራል፤ ዛሬ ግን የጉናን ግርጌ፣ ሰከላን ወይም ባንጃን ያለ ድንች ማሰብ ያስቸግራል።

አሁን ስለ ዕድሜው ልናገር፤ ብዙዎቻችን የምንሳሳተው እዚህ ላይ ነውና። ድንች ተቆፍሮ እንደ ወጣ አይበቅልም፤ እንደ ዝርያው ከሁለት እስከ ሦስት ወር ያህል ይተኛል። በዚህ ጊዜ አፈር ውስጥ ቢቀበር ሊበሰብስ ይችላል እንጂ ለውሃ ብሎ አይነቃም። ሲነቃ መጀመሪያ የሚያወጣው ከጫፉ አንድ ጉንቁል ብቻ ነው፤ ይህ በኩር የሌሎቹን ዓይኖች ዕድገት ይዞ ያቆያል። በዚህ ደረጃ የተተከለ ድንች ጥቂት ግንድ አውጥቶ ቁጥራቸው ያነሰ፣ መጠናቸው ግን ከፍ ያለ ድንቾችን ይሰጣል። ትንሽ ሲቆይ ወይም በኩሩ በጣት ተቀንጥቦ ሲወድቅ ሌሎቹ ዓይኖች ባንድነት ይነሣሉ፤ ለመትከል የሚመረጠውም ይህ ጊዜ ነው። ከዚያ ወዲያ ድንቹ ይጨማደዳል፣ ጉንቁሉም እንደ ክር ይቀጥናል፤ ይህን የመሰለ ያረጀ ድንች ቢተከል እንኳ የሚበቅለው ተክል ደካማ ነው። በገበያ መደብ ላይ ያለው ድንች ከእነዚህ ዕድሜዎች በየትኛው እንዳለ ሻጯም አታውቅ ይሆናል፤ ከተለያየ ገበሬ፣ በተለያየ ሳምንት የተቆፈረ ድንች በአንድ ከረጢት ተቀላቅሎ ይመጣልና።

ዕድሜውን ማወቅ ባንችልም ማስተካከል ግን እንችላለን። ድንቾቹን በእንቁላል ካርቶን ላይ፣ ዓይኖቹ የተሰበሰቡበትን ጫፍ ወደ ላይ አድርጌ እደረድርና ብርሃን በሚገባበት ነገር ግን ፀሐይ በማያርፍበት በረንዳ ጥግ አስቀምጣቸዋለሁ። ከሁለት እስከ አራት ሳምንት ባለው ጊዜ ውስጥ ከጥፍር እምብዛም የማይረዝም፣ ደንደን ያለ፣ ወደ አረንጓዴ ወይም ወደ ሐምራዊ የሚያደላ ጉንቁል ያወጣሉ። በጨለማ ቁም ሣጥን ውስጥ የሚወጣው ነጭና ረጅም ጉንቁል ገና ሲነኩት ይሰበራል፤ በብርሃን የጎለመሰው ግን ሳይሰበር ይተከላል። የደጋ ዘር አምራቾች ግድግዳው በርብራብ እንጨት የተሠራ፣ ብርሃን እንጂ ፀሐይ የማይገባበት መጋዘን የሚሠሩት ለዚሁ ነው። ድንቹ በብርሃን ላይ ሲቆይ አረንጓዴ ይሆናል፤ ለዘር ነውር የለውም፣ ለድስት ግን ከእንግዲህ አይሆንም።

በስልካችን የምናነበው ምክር አብዛኛውን ጊዜ፣ የገበያ ድንች እንዳያጎነቁል ኬሚካል ስለሚቀባ አትትከሉት ይላል። ይህ ምክር ለተጻፈበት አገር ምክንያት ነበረው፤ በአውሮፓ ኅብረት አገሮች ለዚህ ሥራ ለረጅም ጊዜ ሲያገለግል የነበረው ክሎርፕሮፋም የተባለ ኬሚካል በ2020 (እ.ኤ.አ.) ነው ከአገልግሎት የወጣው። የእኛ የጉልት ድንች ግን ከማሳ ተቆፍሮ፣ ጭቃው በወጉ ሳይራገፍ በከረጢት ታጭቆ የሚመጣ ነው። የእኛ ችግር ድንቹ አለመብቀሉ ሳይሆን ከነሕመሙ መብቀሉ ነው።

በ2013 ዓ.ም. ኅዳር ወር ላይ፣ ዓባይ ማዶ ባለው ግቢዬ ቲማቲምና ቃሪያ ከማበቅልበት መደብ ዳር ልተክል ፈልጌ ድንች ልገዛ ገበያ ወጣሁ። እንቁላል የሚያካክሉትን ብቻ አንድ በአንድ እየመረጥሁ ሳነሣ ነጋዴዋ ታዘበችኝና “ለዘር ነው እንዴ ጋሼ?” አለችኝ። አዎን ስላት “ይሄ እኮ የወጥ ነው” አለች። እኔ ደግሞ ዕድሜዬን ሙሉ ስለ ዕፀዋት ሳስተምር የኖርሁ ሰው ነኝና፣ ድንች ሁሉ ድንች ነው ብዬ ከፍዬ ሄድሁ።

ለስድስት ሳምንት ያህል ጎረቤት እየጠራሁ እስከማሳይ ድረስ አማረልኝ። በሰባተኛው ሳምንት አንድ ቀን ቀትር ላይ ሁለት ተክሎች ቅጠላቸው አረንጓዴ እንደ ሆነ ጠወለጉ። ውሃ ጠምቷቸው ነው ብዬ አጠጣሁ፤ ማታ ቀና አሉ። በማግሥቱ ቀትር እንደገና ወደቁ፣ ማታ እንደገና ተነሡ፤ በአራተኛው ቀን ግን ሳይነሡ ቀሩ። ስቆፍራቸው ገና ትናንሽ የሆኑት ድንቾች ዓይናቸው ረጥቦ አፈር ተለጥፎበታል። አንዱን ለሁለት ስከፍለው ከልጣጩ ገባ ብሎ ቡናማ ቀለበት ዞሮበታል፤ በአውራ ጣቴ ጫን ሳደርገው ከቀለበቱ ላይ ነጣ ያለ መግል የመሰለ ነገር ነጠብ ነጠብ አለ። በዚያው ወር ውስጥ ቲማቲሞቹ ተከተሉ። ቃሪያውም አልቀረልኝም።

ይህ በሽታ የባክቴሪያ አጠውልግ ይባላል፤ አምጪው ራልስቶኒያ ሶላናሲያረም የተባለ ተሕዋስ ነው። በሥር በኩል ገብቶ ውሃ የሚያልፍባቸውን ቧንቧዎች ይደፍናል፤ ስለዚህም ተክሉ እርጥብ አፈር ላይ ቆሞ በጥም ይሞታል። የሚያድነው መድኃኒት የለም። በመስኖ ውሃ፣ በዶማ፣ በጫማ ላይ በተለጠፈ ጭቃ ይጓዛል፤ ከሁሉ በላይ ግን የሚጓዘው በራሱ በድንቹ ውስጥ ሆኖ ነው። ለእኛ ለባሕር ዳር ሰዎች ልብ ሊባል የሚገባው ነገር ደግሞ ይህ ተሕዋስ ሙቀት የሚወድ መሆኑ ነው። ቀዝቃዛ በሆነ ደጋ የበቀለ ድንች በሽታውን በውስጡ ይዞ ምንም ምልክት ሳያሳይ ሊኖር ይችላል፤ ያው ድንች ከባሕር ወለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ወዳለው ወደዚህ ወደ ጣና ዳር ወርዶ ሲተከል ሕመሙ ይገለጣል። የሸጠችልኝም ሆነች ያመረተው ገበሬ ያታለለኝ የለም፤ ለድስት የቀረበ ድንች ነበር፣ ለድስትም ጤነኛ ነበር። የተሳሳትሁት እኔ ነኝ።

ወደ ብርጭቆው እንመለስ። ከፊት የተቀመጣችሁ እንደምታዩት፣ ከተቆረጠው ግንድ አፍ ላይ ወተት የመሰለ ቀጭን ክር ወደ ታች እየወረደ ነው። ከኋላ ያላችሁ ቀረብ ብላችሁ ተመልከቱት፤ ጀርባው ላይ ጥቁር ነገር ቢሆን ይበልጥ ይታያል። ይህ ክር የባክቴሪያ ጅረት ነው። ውሃ ስለ ጠማው ወይም በትል ስለ ተበላ የጠወለገ ግንድ ይህን አያወጣም፤ ስለዚህ ማንኛችሁም ብትሆኑ በአንድ ብርጭቆ ውሃ በደቂቃዎች ውስጥ መለየት ትችላላችሁ። ይህን ቲማቲም የዘራው ሰው የለም፤ ከኮምፖስት ጋር ወድቆ፣ ያን ዓመት ድንቹን በተከልሁበት መደብ ላይ በራሱ የበቀለ ነው። አራት ዓመት ሊሆነው ነው። ሳይለቀሙ የቀሩ ድንቾች በየክረምቱ እዚያው ላይ እየበቀሉ በሽታውን ሲመግቡት እንደ ቆዩ የተረዳሁት ዘግይቼ ነው።

ከዚያ ወዲህ የገበያ ድንች መሬቴን ነክቶ አያውቅም። የምተክለው በማዳበሪያ ነው። ማዳበሪያ ስል ዩሪያውን ማለቴ ሳይሆን እኛ በዚያው ስም የምንጠራውን ነጩን ከረጢት ነው፤ ቋንቋችን ዕቃውን በይዘቱ እየጠራ አንዳንዴ ያደናግረናል። በሽታ ቢመጣ አንድ ከረጢት ብቻ ይታመማል፣ አፈሩም ከእርሱ አያልፍም። ከረጢቱን በሲሚንቶ ወይም በድንጋይ ንጣፍ ላይ አቆማለሁ፣ ከታች አምስት ስድስት ቦታ እበሳዋለሁ፣ ከበሳው የሚወጣውም ውሃ ወደ አትክልት መደብ እንዳይፈስ እጠነቀቃለሁ።

ሲገዙ ለስላሳ፣ የቆሰለ ወይም ዓይኑ ላይ እርጥብ አፈር የተለጠፈበት ድንች አይነሣም። መጠኑ የዶሮ እንቁላል ያህል ቢሆን ይበቃል። ነገር ግን ከትልልቆቹ መካከል እየለቀሙ ትንንሾቹን ብቻ መሰብሰብ እኔ ያደረግሁት ስሕተት ነው፤ ክሽክሽ የተባለው የቅጠል ጭማቂ የሚመጥ ትንሽ ተባይ በሚያስተላልፋቸው ቫይረሶች የተጠቃ ተክል ድንቹ ትንንሽ ስለሚሆን፣ የትንንሾቹ ክምር በሽተኞቹ የሚሰበሰቡበት ሊሆን ይችላል። ባጠቃላይ መካከለኛ ሆኖ ከተደረደረ መደብ መግዛት ይሻላል። ከዚያው መደብ ሦስት አራት ድንች ለወጥ ስትልጡ ከፍላችሁ ቀለበቱን ተመልከቱ፤ ቀለበት ባይታይ ዋስትና አይደለም፣ ከታየ ግን የቀረውን ሁሉ ለድስት ማዋል ነው። ድንችን በቢላ ቆራርጦ መትከል በሌላ አገር የተለመደ ቢሆንም ለእኛ አልመክረውም፤ አንድ የታመመ ድንች የቆረጠ ቢላ ከእርሱ በኋላ የሚቆረጡትን ሁሉ ይበክላል። ሙሉውን ትከሉት።

ወቅቱን በተመለከተ ባሕር ዳር ለድንች ከፊል ወዳጅ ናት። ድንች ከአፈር በታች ማበጥ የሚወደው ሌሊቱ ቀዝቀዝ ሲል፣ የሙቀቱም መጠን ከ15 እስከ 18 ዲግሪ ገደማ ሲሆን ነው፤ ቀኑ ማጠሩም ይረዳዋል። በመጋቢትና በሚያዝያ ቀትሩ ወደ 30 ዲግሪ ሲጠጋ ቅጠሉ ይንዠረገጋል፣ ከሥሩ ግን የረባ ነገር አይገኝም። በክረምት ደግሞ በሐምሌና በነሐሴ ያለው ዝናብና ጭጋግ ሌት ብላይት የሚሉትን ቅጠል አቃጣይ በሽታ ይጠራል፤ ቅጠሉ ዳር ዳሩን ውሃ እንደ ፈላበት ሆኖ ይጠቁርና ግቢውን ሁሉ በሳምንት ጊዜ ውስጥ ያነድደዋል። ስለዚህ ውሃ ማጠጣት ለሚችል ሰው ጊዜው ከጥቅምት አጋማሽ እስከ ኅዳር መጨረሻ ነው። ሌሊቱ በታኅሣሥና በጥር ይቀዘቅዛል፣ ሰማዩ ይጠራል፣ ቅጠሉም ደረቅ ሆኖ ይሰነብታል። ከ90 እስከ 120 ቀን ስለሚፈልግ፣ አሁን የተተከለ ለዐቢይ ጾም ድንች ወጥ ይደርሳል።

የሐይቁ ዳር አፈራችን አብዛኛው ዋልካ ነው፤ ሲረጥብ ይጣበቃል፣ ሲደርቅ ይሰነጠቃል፣ ድንች ሁለቱንም አይወድም። ለከረጢቱ ሁለት እጅ ቀይ አፈር፣ አንድ እጅ አሸዋ፣ አንድ እጅ በደንብ የበሰለ ኮምፖስት እቀላቅላለሁ፤ አፈሩ ቲማቲም፣ ቃሪያ ወይም ድንች ከነበረበት ቦታ የመጣ መሆን የለበትም። እርጥብ ፍግ አልጨምርም፣ የድንቹን ቆዳ እከክ ያወጣበታልና። ከጣና የተለቀመ እምቦጭ ለኮምፖስት ይሆናል ወይ ብለው የሚጠይቁኝ አሉ። ይሆናል፤ ነገር ግን የእምቦጭ ፍሬ ለብዙ ዓመታት ሳይሞት የሚቆይ ስለ ሆነ፣ ሳያብብ የተለቀመ ካልሆነና ክምሩ በሚገባ ካልጋለ፣ ጎርፍ ወደ ሐይቁ በሚወስድበት ግቢ እንዲገባ አልፈልግም።

ከረጢቱን እስከ ሲሶው ሞልቼ ሁለት ድንች ጉንቁላቸውን ወደ ላይ አድርጌ አስቀምጣለሁ፤ አንድ ጋት ያህል አፈር አለብሳቸዋለሁ። ቡቃያው አንድ ስንዝር ሲሆን ጫፉ ብቻ እስኪቀር አፈር አስታቅፈዋለሁ፣ ከሁለት ሳምንት በኋላም እደግመዋለሁ። ከረጢቱ እስከ አፉ በተሞላ ቁጥር ድንቹ ፎቅ በፎቅ ያፈራል የሚል ወሬ ሰምታችሁ ይሆናል። ሞክሬዋለሁ፤ ከላይኛው ግማሽ ያገኘሁት አፈር ነው። አፈር የማስታቀፍ ዋናው ጥቅም ድንቹን ከፀሐይና ሰርስሮ ከሚገባው ትል መሸፈን ነው። መሬት ላይ ለሚተክል ሰው፣ የተረጋገጠ ዘር ካገኘ ማለቴ ነው፣ በመስመሮች መካከል 75 ሳንቲ ሜትር፣ በተክሎች መካከል 30 ሳንቲ ሜትር የተለመደው ርቀት ነው።

ውሃ ላይ ቸልተኝነትም ደግነትም ይጎዳል። ጣታችሁን እስከ ሁለተኛው አንጓ አስገብታችሁ ደረቅ ከሆነ አጠጡ፤ በጠዋት፣ ከሥሩ፣ ቅጠሉን ሳታረጥቡ። ማበብ ሲጀምር ከሥር ድንቹ እያበጠ ስለ ሆነ በዚያ ወር ውስጥ አንድ ሳምንት አስጠምቶ ቀጥሎ ማጥለቅለቅ የተሰነጠቀና ጎባባ ድንች ያስከትላል። ከአበባው በኋላ ትንንሽ አረንጓዴ ቲማቲም የመሰሉ ፍሬዎች ሊይዝ ይችላል፤ መርዝ ስላላቸው ልጆች ሳያገኟቸው ቀጥፋችሁ ጣሏቸው። ቅጠሉ ቢጫ ሆኖ ሲተኛ ግንዱን ቆርጣችሁ ሁለት ሳምንት ያህል ድንቹን በአፈሩ ውስጥ ተዉት፤ በአውራ ጣት ሲፈተግ ልጣጩ ካልተላጠ ደርሷል። የተቆፈረውን በጨለማ ቦታ አኑሩት። ብርሃን አይቶ አረንጓዴ የሆነው ክፍል ሶላኒን የተባለ መርዝ ያጠራቅማል፤ መቀቀል አያጠፋውም። አምና ከስድስት ከረጢት 9 ኪሎ አገኘሁ፤ ከዚያ ውስጥ ግማሽ ኪሎ ያህሉ አረንጓዴ ሆኖ ተጥሏል።

አንድ ነገር ቀርቶኛል፣ ከሁሉም የሚያሳስበኝም እርሱ ነው። ከጓሮአችን ያገኘነው ድንች ሲያምርብን ለበዓል ወደ ዘመድ አገር ስንሄድ፣ ለእናት ወይም ለወንድም “ለዘር ይሁናችሁ” ብለን ጥቂት መያዝ ደስ ይለናል። ድንቹን ለቅቅል ውሰዱላቸው፤ ለዘር ግን አትውሰዱ፣ ልጣጩንም ማሳ ዳር አትጣሉ። እኔ ያበላሸሁት አራት ካሬ ሜትር የማይሞላ መደብ ነው፤ ሰከላ ወይም ፋርጣ ያለ ገበሬ የሚያጣው የዓመት ቀለቡን ነው። ዘር የሚፈልግ ሰው ከዚህ ወደ ሞጣ በሚወስደው መንገድ ላይ ያለው የአዴት የግብርና ምርምር ማዕከል ጓሳና ዘንገና የተባሉትን ዝርያዎች ያወጣ መሆኑን ይወቅ፤ ከሆለታው የምርምር ማዕከል የወጡት ጉዳኔና በለጠም በክልላችን ይመረታሉ። በየወረዳው ያለ የግብርና ባለሙያ የትኛው የዘር ማኅበር እንደሚሸጥ ሊጠቁመው ይችላል። የራሳችንን የከረጢት ድንች ደግመን ለራሳችን ከረጢት መትከልም ይቻላል፤ ቫይረሱ ከዓመት ዓመት እየተጠራቀመ ምርቱን ስለሚያወርደው እኔ ከሁለት ጊዜ በላይ አልደግመውም።

ጥያቄ ያላችሁ ልትቀጥሉ ትችላላችሁ። በግራ ባለው ካርቶን ያሉትን ያጎነቆሉ ድንቾች በእጃችሁ እያነሣችሁ እዩአቸው፤ በቀኝ ባለው ሰሃን ያሉትን የተከፈሉትን ግን በዓይናችሁ ብቻ። ብርጭቆውን እዚህ ግቢ ማንም እንዳይደፋብኝ፤ ቤት ወስጄ ከነግንዱ አፍልቼ ነው የምጥለው።